አቀንጭራና አጠውልግ፦ ሳይታዩ የሚጎዱ ሁለት ጠላቶች

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ሐይቅ ዳር የተነሳ አንድ ክርክር ነው። የአረም ሳይንስ ፈተና ጨርሰን ከዶርም ጓደኛዬ ጋር ፍቅር ሐይቅ ወርደን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነበር። እኔ የቆቦ ልጅ ነኝ፣ እሱ የቱላ። እኔ ስለ ማሽላ ሳወራ እሱ ስለ እንሰት ያወራል። ክርክሩ «የማን አገር ገበሬ ነው የባሰ ጠላት ያለበት?» የሚል ነበር። እኔ አቀንጭራ አልኩ፣ እሱ አጠውልግ አለ። የፈተናው ጥያቄ ገና ከአእምሯችን ስላልወጣ ሁለታችንም ቁጥር እየጠራን፣ የላቲን ስም እየጠራን ተከራከርን። መሽቶ ወባ ትንኝ ሲነክሰን ሳንስማማ ተነሳን።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሳስበው ግን ሁለታችንም የምናወራው ስለ አንድ ዓይነት ነገር እንደነበር ገባኝ። ሁለቱም ጠላቶች ገበሬው በዓይኑ ሲያያቸው አብዛኛውን ሥራቸውን ጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ሩጫ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው። እንግዲህ ጽሑፌ በዚህ ነገር ላይ ያተኩራል። በአቀንጭራው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ የማውቀው እሱን ነውና። የእንሰቱን ደግሞ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ ያየሁትን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስሙን ልብ በሉት። «ቀነጨረ» ማለት ማደግ ሲገባው ሳያድግ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች በምግብ እጥረት ቁመቱ ያጠረውን ሕፃን «የቀነጨረ» ይሉታል። ገበሬው አረሙን በአበባው ቀለም ወይም በቅጠሉ ቅርጽ አልሰየመውም፤ በሚሠራው ሥራ ነው የሰየመው። ማሽላን የሚያቀነጭር ስለሆነ አቀንጭራ ተባለ። ሳይንሳዊ ስሙ ስትራይጋ ሲሆን በላቲን ጠንቋይ እንደማለት ነው። በእኔ አስተያየት የእኛው ስም ይሻላል። ጠንቋይ ሲባል ነገሩ የማይታወቅ ምስጢር ይመስላል፤ አቀንጭራ ሲባል ግን ምልክቱ ስሙ ውስጥ አለ።

በአገራችን ማሽላን በብዛት የሚጎዳው ስትራይጋ ሄርሞንቲካ የተባለው ዝርያ ነው። ከማሽላ ሌላ በቆሎንና ዳጉሳን ያጠቃል። በትግራይ፣ በሰሜን ወሎ፣ በሐረርጌ፣ በመተከልና በሌሎችም ማሽላ አብቃይ አካባቢዎች ይገኛል። አበባው ሐምራዊ ሮዝ ነው። እውነቱን ለመናገር በጣም ያምራል። ልጅ ሆነን አበባውን ቀጥፈን ለእህቶቻችን እንሰጥ ነበር፤ አባቴ አይቶ የተቆጣኝ ቀን ትዝ ይለኛል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። የአቀንጭራ ዘር ርዝመቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። እጅ ላይ ሲያዝ የትንባሆ ብናኝ ይመስላል። አንድ ተክል በአስር ሺዎች የሚቆጠር፣ ሲመቸው ደግሞ ከ100 ሺህ በላይ ዘር ይጥላል። ዘሩ አፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ይህ ማለት አንድ ክረምት ላይ የተዘናጋ ገበሬ ልጁ አድጎ እስኪያርስ ድረስ ዕዳ ይከፍላል ማለት ነው።

ዘሩ በጣም ትንሽ በመሆኑ ስንቅ የለውም። በቅሎ በጥቂት ቀን ውስጥ የሌላ ተክል ሥር ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ ዝም ብሎ አይበቅልም። በመጀመሪያ አፈሩ ረጥቦና ሞቆ ለአንድና ለሁለት ሳምንት ያህል መቆየት አለበት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ምልክት ይጠብቃል። ምልክቱን የሚሰጠው ራሱ ማሽላው ነው! የማሽላው ሥር ስትራይጎላክቶን የሚባል ኬሚካል በጣም በጥቂቱ ወደ አፈር ያመነጫል። በአጠገቡ ያለው የአቀንጭራ ዘር ይህን ሲያገኝ ይበቅላል፣ ወደ ሥሩ ያመራል፣ መምጠጫ አካል አውጥቶ ይጣበቃል፣ የማሽላውን ውሃ ማጓጓዣ ቧንቧ ቀዳዶ ይገባል። ከአፈር በላይ ብቅ የሚለው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከሳምንታት ቆይታ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ማሽላው ውሃ ባለበት አፈር ላይ ቆሞ የተጠማ ይመስላል። ቅጠሉ ይጠቀለላል፣ ይገረጣል፣ ቁመቱ ይቆማል። ጉዳቱ ደግሞ ምግብ በመሰረቁ ብቻ የመጣ አይደለም። ጥገኛው የማሽላውን የእድገት ሥርዓትና ምግብ የማዘጋጀት አቅም ያዛባዋል። ጥቂት አቀንጭራ ያን የሚያህል ማሽላ የሚጥለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለማነጻጸር ያህል፣ አቀንጭራ አረንጓዴ ቅጠል ስላለው ከፊል ጥገኛ ነው። በአገራችን ባቄላንና ቲማቲምን የሚያጠቃው ኦሮባንኪ ግን አረንጓዴ ቀለም ጭራሹን የለውም፤ ሙሉ ጥገኛ ነው። ሁለቱም ግን ምልክት ጠብቀው የሚበቅሉ ናቸውና የሚቀጥለው ታሪክ ለሁለቱም ይሠራል።

ማሽላው ለምንድን ነው ጠላቱን የሚጠራው? ይህ ጥያቄ ብዙ ዓመት መልስ አላገኘም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1966 ስትራይጎል የተባለው የመጀመሪያው ቀስቃሽ ኬሚካል ተለይቶ ወጣ። የሚገርመው የተገኘው ከማሽላ ሳይሆን ከጥጥ ሥር ነው፤ ጥጥን ደግሞ አቀንጭራ አያጠቃውም። መልሱ የመጣው በ2005 ነው። ተክሎች ይህን ኬሚካል የሚያመነጩት ጠቃሚ የአፈር ፈንገሶችን ለመጥራት መሆኑ ታወቀ። ፈንገሶቹ ከሥሩ ጋር ተጎዳኝተው ፎስፈረስ ያቀብሉታል፤ እሱም ስኳር ይሰጣቸዋል። በ2008 ደግሞ ይኸው ኬሚካል በተክሉ ውስጥ ቅርንጫፍ ማውጣትን የሚቆጣጠር ሆርሞን መሆኑ ተረጋገጠ። ስለዚህ ማሽላው የሚጠራው ወዳጁን ነው። አቀንጭራው ግን ጥሪውን ጠልፎ ይሰማል።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው። ተክሉ ፎስፈረስ ሲያጣ ጥሪውን ያበዛዋል። የተራበ አፈር ላይ ያለ ማሽላ አብዝቶ ይጮሃል፤ አብዝቶ ሲጮህ አቀንጭራ ይበዛበታል። የአገራችን ገበሬዎች «አቀንጭራ የደከመ መሬት አረም ነው» ይላሉ። እኔ ይህን አባባል ከአባቴ ስሰማ ያልተማረ ሰው ግምት ይመስለኝ ነበር። አሁን የኬሚስትሪው መጽሐፍ የሚለው እሱ ያለውን ነው።

ስህተቴን ልናገር። አንደኛ ዓመት ጨርሼ ለክረምት እረፍት ቆቦ ስገባ «የእርሻ ተማሪ መጣ» ተብሎ ነበር። መስከረም ላይ ማሳችን በአቀንጭራ አበባ ቀልቷል። እኔም ወንድሜን ይዤ «ዛሬ እናጸዳዋለን» ብዬ ገባሁ። ሦስት ቀን ነቀልን። ወገባችን ተቆረጠ። የነቀልነውን ሁሉ ደግሞ ለቅመን ወሰኑ ላይ ከመርነው። አባቴ ምንም አላለም፤ ያየኝ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አረሙ መሐል ማሳው ላይ እንደ ድሮው ነበር፤ ወሰኑ ላይ ግን ምንጣፍ የተነጠፈ መሰለ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ሲነቀል አብቦ ነበር፣ ከፊሉም ዘር ይዟል። እኛ በእጃችን ተሸክመን አከፋፈልነው። በዚያ ላይ የነቀልንለት ማሽላ ቀድሞውኑ ቀንጭሯልና በዚያ ዓመት ያተረፍንለት ነገር የለም። መንቀል ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ግን መንቀል ለዘንድሮው ምርት ሳይሆን ለመጪዎቹ ዓመታት የሚደረግ ሥራ ነው፤ ያውም ሳያብብ ተነቅሎ፣ ከማሳ ወጥቶ፣ ሲቃጠል ወይም ሲቀበር ነው። ይህን ማንም ለገበሬው አላስረዳውም፤ እኔም አላወቅኩትም ነበር።

አሁን ወደ ዝርያ ልሂድ። በዚህ ርዕስ የማይታለፍ ስም አለ፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ። ወሎንኮሚ ተወልደው፣ በጅማ የእርሻ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ዓለማያ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1973 ተመረቁ። ከዚያ በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ሱዳን ሳሉ ሐጊን ዱራ-1 የተባለውን ድርቅ የሚቋቋም ድቅል ማሽላ አወጡ፤ በ1983 ለገበሬ ተለቀቀ። በኋላም ከባልደረቦቻቸው ጋር አቀንጭራን ወደ መቋቋም ምርምር ገቡ። በ1994 ስምንት ቶን ያህል አቀንጭራን የሚቋቋም የማሽላ ዘር ለ12 የአፍሪካ አገሮች ተሠራጨ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን አገኙ።

የእሳቸው አካሄድ የሚያስደንቀኝ ጥያቄውን ስለቀየሩት ነው። ብዙዎች «አቀንጭራን በምን እንግደለው?» ሲሉ፣ እሳቸው «ማሽላውና አቀንጭራው የሚነጋገሩት የቱ ጋ ነው? እዚያ ላይ እናቋርጠው» አሉ። ጥሪውን የማያሰማ ማሽላ ቢገኝ ዘሩ አፈር ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። እንዲህ ዓይነት ማሽላዎችን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ እየለዩ አዳቀሉ። ወደ አገራችን ከመጡት ውስጥ ጎቢዬ፣ አብሽርና ብርሃን የተባሉት ዝርያዎች ይገኙበታል። በ2017 ደግሞ ለዚህ ባሕርይ ተጠያቂ የሆነው ጂን ተለይቶ ታተመ። ጂኑ ሲጎድል ማሽላው ጭራሹን ዝም አይልም፤ የሚያመነጨው የስትራይጎላክቶን ዓይነት ይቀየራል፣ አቀንጭራውም በደንብ አይሰማውም። በሌላ አነጋገር ማሽላው ቋንቋውን ለወጠ።

ታዲያ ይህን የመሰለ ዘር እያለ ቆቦ ላይ ለምን አቀንጭራ አለ? ይህን ጥያቄ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የምንመልሰው «የገበሬው ግንዛቤ ዝቅተኛ ስለሆነ» ብለን ነው። ፈተና ላይ እኔም እንደዚያ ጽፌ ማርክ አግኝቻለሁ። አሁን ግን መልሱ የተሳሳተ ይመስለኛል። አባቴን ስለ አጭሩ ማሽላ ስጠይቀው የሰጠኝን መልስ እነሆ፦ «እህሉን ትሰጠኛለህ፣ አገዳውን ማን ይሰጠኛል?»

የቆቦ ሰው ደጋለትና ጅጉርቲ የሚዘራው ለእህሉ ብቻ አይደለም። ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ይሄዳል። አገዳው በበጋ የበሬ ቀለብ ነው። አጥር ነው፣ ማገዶ ነው፣ የጎጆ ክዳን መደገፊያ ነው። አጫጭሮቹ ዝርያዎች ቶሎ ይደርሳሉ፤ ዝናብ ለሚያጥርበት አገር ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ግን አገዳቸው ትንሽ ነው። ብቻውን ቀድሞ የደረሰ ማሳ ደግሞ የአካባቢው ወፍ ሁሉ ግብዣ ቤት ይሆናል። ጎረቤቱ ያልዘራውን አንድ ሰው ብቻውን ሲዘራ ልጆቹን ከጠዋት እስከ ማታ ማማ ላይ ማስቀመጥ አለበት። እንግዲህ ይህን ሁሉ ደምሮ ቀንሶ «ይቅርብኝ» ያለ ገበሬ ግንዛቤ አነሰው ልንል አንችልም። እንዲያውም ከእኛ የተሻለ ሒሳብ ሠርቷል።

እዚህ ላይ ግን አባቴም ያልደመረው ነገር አለ ብዬ እከራከረዋለሁ። የቀነጨረ ደጋለት አገዳም የለውም። አቀንጭራ በበረታበት ማሳ ላይ የሚነጻጸረው ረዥሙ ማሽላ ከአጭሩ ጋር አይደለም፤ የቀጨጨው ከጤነኛው ጋር ነው። ስለዚህ መላው ማሳውን ይቀይር ሳይሆን፣ የትኛው ጥግ ላይ የትኛው ይዘራ የሚለው ነው ጥያቄው።

በሀብታም አገር ምን እንደተደረገ ማወቅም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1956 አሜሪካ ውስጥ በሁለቱ ካሮላይና ግዛቶች ስትራይጋ ኤዥያቲካ የተባለው ዝርያ በበቆሎ ላይ ተገኘ። መንግሥት አካባቢውን ኳራንቲን አደረገ። የእርሻ መሣሪያ ሳይታጠብ አይወጣም ነበር። ኤቲሊን የተባለ ጋዝ አፈር ውስጥ በመሣሪያ እየተወጋ ዘሩ አስተናጋጅ ተክል በሌለበት እንዲበቅልና እንዲሞት ተደረገ። ፀረ አረም ተረጨ። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሄክታር ይዞ የነበረው አረም ወደ ጥቂት ማሳዎች ወረደ። ግን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወሰደ። ለእኛ ጋዙ አይደረስበትም። ሐሳቡ ግን ይደረስበታል፤ ጥጥ፣ ሰሊጥ፣ አኩሪ አተርና ለውዝ በሥራቸው አቀንጭራን ቀስቅሰው የማይቀለቡ ተክሎች ናቸውና የገበሬ ኤቲሊን ልንላቸው እንችላለን። አንድ ማሳ ላይ እነሱን ማፈራረቅ የአፈሩን የዘር ክምችት ይቀንሳል። አንድ ዓመት ብቻ ዘርቶ «አልሠራም» ማለት ግን የተለመደ ስህተት ነው። አሥር ዓመት የሚቆይ ዘር በአንድ ክረምት አያልቅም። ሌላው የእኛ ችግር ጎርፍ ነው። ቆቦ ላይ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳ እየመለስን እናጠጣለን፤ ሕይወታችን ነው። ከላይ ያለው ሰው ማሳ ላይ ያለው ዘር አብሮ ይመጣል። መሣሪያ ማጠብ ይቻላል፣ ጎርፍ ግን እንዴት ይታጠባል?

በክፍል ውስጥ ሁላችንንም የሚያስደስተን ዘዴ «ገፍቶ መሳብ» የሚባለው ነው። ኬንያ ውስጥ በዓለም አቀፉ የነፍሳት ምርምር ማዕከል በኢሲፔ እና በእንግሊዙ ሮዝምስቴድ ትብብር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተጀመረ ነው። በበቆሎ መሐል ዴስሞዲየም የተባለ የመኖ ጥራጥሬ ይዘራል፤ ዙሪያውን ደግሞ የዝሆን ሣር። ዴስሞዲየሙ ግንድ ቆርቁር የእሳት እራትን በሽታው ያባርራል፤ ሣሩ ይስባታል። ዓላማው ተባይ ነበር። ሲሠሩ ግን ዴስሞዲየም ባለበት አቀንጭራ እንደጠፋ አዩ። ሥሩ የሚያመነጨው ኬሚካል የአቀንጭራውን ዘር ይቀሰቅስና ሥር ላይ እንዳይጣበቅ ይከለክለዋል። ሳይፈልጉት ያገኙት ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 በደቡብ ምዕራብ አገራችን የኪ ወረዳ ከታየ በኋላ ደግሞ፣ በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ የተዘሩ ማሳዎች በተምቹ የሚጠቁት አነስ ባለ መጠን መሆኑ ተዘግቧል። በቆሎ ለሚዘራው ለሐዋሳ ዙሪያ ገበሬ፣ በተለይ ላም አስሮ ለሚቀልብ፣ ይህ ዘዴ ጥሩ ይመስለኛል።

ለቆቦ ግን እጠራጠራለሁ። ዴስሞዲየም ለዓመታት ማሳ ላይ የሚቆይ ተክል ነው። እኛ ዘንድ ምርት ከተሰበሰበ በኋላ ማሳው የሁሉም ከብት ነው፤ ልቅ ግጦሽ። በታኅሣሥ ያለማንም ጠባቂ የቆመ አረንጓዴ መኖ እስከ ጥር አይደርስም። ድርቁንም ብዙ አይወደውም። በዚያ ላይ ዘሩ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ዘዴውን ከኬንያ ገልብጦ ማምጣት ሳይሆን፣ ቀለል ያለ ነገር፣ ለምሳሌ ቶሎ የሚደርስ ጥራጥሬን በማሽላ መሐል መዝራት የተሻለ መነሻ ነው እላለሁ። ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም፤ አፈሩን ያለብሰዋል፣ ናይትሮጅን ይጨምርለታል፣ ለቤትም ሽሮ ይሆናል።

እስቲ አሁን ወደ ጓደኛዬ ጠላት። አንድ ቅዳሜ ቱላ ወደ ቤተሰቦቹ ወሰደኝ። ከከተማው ብዙ አይርቅም። ግቢያቸው በእንሰት ተከቧል፤ ቤቱ ከውስጡ ብቅ ያለ ነው የሚመስለው። እናቱ ሲዳምኛ ነው የሚናገሩት፤ ጓደኛዬ ያስተረጉምልኛል። ከቤቱ ኋላ ወስደው አንድ ባዶ ቦታ አሳዩኝ። ስድስት እንሰት የቆመበት ነበር። «እነዚህ አሁን ቢኖሩ ኖሮ ለመፋቅ ደርሰው ነበር፤ ልጄ» አሉኝ። እንሰት ለምግብ ለመድረስ እንደ አካባቢው ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል። ስድስት ተክል ስንት ዓመት እንደሆነ አስቡት። እኔ በልቤ የሐይቅ ዳሩን ክርክር የተሸነፍኩት እዚያ ቆሜ ነው።

የእንሰት አጠውልግ በሽታ ባክቴሪያ ነው። በሳይንስ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእንሰት ላይ የተመዘገበው በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1968 በዳኛቸው ይርጉና በብራድበሪ ነው። በ1974 ደግሞ በሙዝ ላይ መገኘቱን አሳወቁ። ለብዙ ዓመታት የኢትዮጵያ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ቆየ። በ2001 ዩጋንዳ የሙዝ እርሻ ውስጥ ሲገኝ ነው ሌላው ዓለም የነቃው። ዛሬ ስሙ ዛንቶሞናስ ቫዚኮላ ተብሏል፤ የድሮ መጻሕፍት ላይ ዛንቶሞናስ ካምፔስትሪስ የሚለውን ታገኛላችሁ። ሲጀምር የመሐሉ ቅጠል ይገረጣል፣ ጫፉ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ መሰል ፈሳሽ ያንጠባጥባል። የሚተላለፈው በዋናነት በቢላዋና በገጀራ ነው። የታመመውን የቆረጠ ስለት ጤነኛውን ሲነካ በቃ። የታመመ ቅጠል የበላ ከብትም ያዛምታል። ከታመመ እናት ተክል የተወሰደ ችግኝም እንዲሁ። ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት ስለሚፈጅ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ ያው ቢላዋ ስንት ግቢ እንደሚዞር መገመት ነው።

እናቱ ሁለት ቢላዋ አላቸው። አንዱ የቤታቸው ነው፤ ከግቢ አይወጣም። ሌላው ለጎረቤት ሥራ ሲጠሩ የሚይዙት ነው፤ ሲመለሱ በእሳት ላይ አገላብጠው ያግሉታል። ሴቶቹ እንሰት የሚፍቁት ተሰብስበው በደቦ ነው፤ ስለዚህ መሣሪያ መዋዋስ የኑሮው አካል ነው። «ቢላዋሽን አልፈልግም ማለት ከባድ አይደለም ወይ?» ብዬ አስጠየቅኳቸው። ሳቁ። መጀመሪያ ላይ ጎረቤት ተቀይሟቸው ነበር። ከዚያ የጎረቤቲቱ እንሰት ሲጠወልግ እሳቸው ሄደው በመቅበሩ ሥራ አገዟቸው፤ ከዚያ ወዲህ እሷም ቢላዋዋን ታግላለች። ሌላም ነገር ነገሩኝ። እንሰቱ የታመመበት ቤት ያፍራል፤ ይደብቃል። የታመመውን ተክል ነቅሎ መቅበር ማለት «በእኔ ቤት ገባ» ብሎ ማወጅ ነው። በሽታው የሚዛመተው በባክቴሪያው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን በዚህ መደበቅም ነው። ይህን በየትኛውም የክፍል ማስታወሻዬ ላይ አላገኘሁትም።

እስካሁን አጠውልግን ፈጽሞ የማይነካው የእንሰት ዝርያ የለም። በወላይታና በዳውሮ የሚታወቀው ማዚያ የተባለው ዝርያ ከሌሎቹ በተሻለ ይቋቋማል። የአረካ ምርምር ማዕከል ለብዙ ዓመታት በእንሰት ላይ ሲሠራ ቆይቷል። ይሁን እንጂ መቋቋም ብቻውን ምርጫን አይወስንም፤ የሲዳማ እናት ገንቲቻን ወይም አዶን የምትተክልበት የራሷ ምክንያት አላት፤ የቡላው ጥራት፣ የቃጫው፣ የጣዕሙ። የአባቴ አገዳ እዚህም አለ ማለት ነው።

ሁለቱን ጠላቶች ሳወዳድር አንድ ትልቅ ልዩነት አይቻለሁ። የአጠውልጉ ባክቴሪያ ያለ ተክል አፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አይቆይም። የታመመው በሥርዓት ተነቅሎ ከተቀበረና መሬቱ ጥቂት ካረፈ እንደገና መትከል ይቻላል። የጓደኛዬ ጠላት ዓመታት ያሳጣል፣ ግን ይወጣል። የእኔው ብዙ ዓመት አያሳጣም፣ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይበላል፣ ግን አይወጣም። ስለዚህ ምክሩ አንድ ሊሆን አይችልም። ለአጠውልግ ፍጥነትና ንጽሕና ነው የሚያስፈልገው፤ ለአቀንጭራ ደግሞ ትዕግሥትና የአፈር ለምነት። ለሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ «የተቀናጀ የተባይ መከላከል» ብለን ስንጽፍ ልዩነቱን እንዳንረሳ እሰጋለሁ። እኔም ብዙ ጊዜ ረስቼዋለሁና።

አባቴ ባለፈው ስልክ ሲደውል የጎርፍ መግቢያው ያለበትን አንድ ጥማድ ለእኩል ሊሰጠው እያሰበ መሆኑን ነገረኝ። «የአቀንጭራ ማሳ ሆኗል፤ እኔ ከበደኝ» አለ። የሚቀበለው ሰውም ያንኑ ማሽላ ነው የሚዘራበት። እኔም እንዳይሰጠው ለመንኩትና ይህን ሐሳብ አቀረብኩ። ጥማዱ ለሁለት ይከፈል። ጎርፉ በሚገባበት ግማሽ ላይ ሁለት ክረምት በተከታታይ ሰሊጥ ይዘራ። በቀረው ግማሽ ላይ ብርሃን ወይም ጎቢዬ፣ በደንብ ከበሰበሰ ኮምፖስት ጋር፣ ትልሙ ውሃ እንዲያቁር በየእርምጃው እየታሰረ። ጥሬ ፍግ አይሆንም፤ የአቀንጭራ ዘር የበላ ከብት ፍግ ዘሩን መልሶ ያመጣዋልና። የወጣውን አቀንጭራ ሳያብብ ወንድሜ ይነቅላል፣ ጉድጓድ ውስጥ ያቃጥላል፤ ወሰን ላይ አይከምርም። ሌላው ማሳ ላይ ደጋለቱ እንዳለ ይቀጥላል፤ አገዳው ከዚያ ይመጣል። ወፉን በተመለከተ ደግሞ አጎቴ በአጠገቡ ያለውን ማሳ በዚያው ዘር እንዲዘራ ይጠየቅ፤ ሁለት ማሳ ሲሆን ወፉ ይከፋፈላል።

አባቴ ብዙ ዝም አለ። ካርዱ የተቆረጠ መስሎኝ ነበር። በኋላ «የሰሊጡን እሺ፤ አጭሩን ግን ከመንገድ በታች ባለው በኩል አድርገው፤ ሰው እንዳይስቅብኝ» አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ዘሩን የት እንደማገኝ እያፈላለግኩ ነው። የትምህርት ክፍላችን መምህራንና ከማሽላ አብቃይ አካባቢ የመጣችሁ ተማሪዎች የምታውቁት ነገር ካለ ዶርም ድረስ ብትመጡ ደስ ይለኛል። ሰኔ ሳይገባ ይዤው መድረስ አለብኝ።